ከሆርሙዝ እስከ ጎፋ መብራት ኃይል

ሳሪስ ላይ ቦቴ ሲገባ ከሁሉም ቀድመው የሚያውቁት ወያላዎች ናቸው። ይደዋወላሉ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ሚኒባሶቹ ከማደያው በር ተነሥተው በአስፋልቱ ዳር በአንድ መስመር ተሰድረዋል። ሹፌሮቹ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ለቀው፣ ጋቢ ተከናንበው ያሸልባሉ። ቡና የምታፈላዋ ሴት ሰልፍ ባለበት ቀን ሁለት ጀበና ትጥዳለች። "ናፍጣ ነው ቤንዚን?" ይባባላሉ፤ የሚመልስ የለም። ጎህ ሲቀድ ቤንዚን መሆኑ ተረጋገጠና የናፍጣዎቹ እያጉረመረሙ ከሰልፉ ወጡ። የቀሩት ወደ ፊት ሊጠጉ ሲሉ ደግሞ ክፍያው እምቢ አለ። ነዳጅ በቴሌብርና በሌሎች ዲጂታል መንገዶች ብቻ መሸጥ ከጀመረ ከ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ወዲህ "ሲስተም የለም" የምትለዋ ቃል "ነዳጅ የለም" ከምትለዋ እኩል ታስፈራለች።

ከተሰለፉት አንዱን ቢጠይቁት ነዳጁ የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ ይቆጥርልዎታል፤ ቃሊቲ፣ ሞጆ፣ አዋሽ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ፣ ከዚያ ጅቡቲ። አንዳንዶቹ በወጣትነታቸው የቦቴ ረዳት ሆነው ሄደውበታል፤ የአፋር ሙቀት ጎማ እንዴት እንደሚያፈነዳ ያወራሉ። ከጅቡቲ ወዲያ ያለውን ግን ማንም አይቆጥርም፤ ባሕር ነውና። የንፋስ ስልክ ላፍቶ ሹፌር ጠዋት ሥራ ይገባ አይገባ እንደሆነ ከሚወስኑት ነገሮች ትልቁ ያለው እዚያ ባሕር ላይ ነው።

ኢትዮጵያ የምትገዛው ነዳጅ ተጣርቶ ያለቀ ነው፤ ምንጩም በዋናነት ኩዌትና ሳዑዲ ዓረቢያን የመሳሰሉ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ናቸው። ከኩዌት የተጫነ መርከብ በኢራንና በኦማን መካከል ያለችውን የሆርሙዝ ወሽመጥ ማለፍ ግዴታው ነው። በዚህች ጠባብ መተላለፊያ እ.ኤ.አ. በ2024 በየቀኑ ወደ 20 ሚሊዮን በርሜል የሚጠጋ ነዳጅ ያልፍ ነበር፤ ዓለም በቀን ከሚያቃጥለው አንድ አምስተኛው ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ ከአምስት እጅ አራቱ የሚያመራው ወደ እስያ፣ በተለይም ወደ ቻይና፣ ህንድ፣ ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ ነው። እኛ በዚያው ሰልፍ ጭራ ላይ ነን። ሆርሙዝ ላይ አንድ ድሮን ሲተኮስ ቶኪዮና ሴኡል ይደነግጣሉ፣ ዋጋው ይንራል፤ በዚያው ዋጋ ሳሪስም ይከፍላል። ልዩነቱ ጃፓን ከ200 ቀን በላይ የሚያዘልቃት ነዳጅ በመጋዘን ያላት መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ አንድ መርከብ ሲዘገይ ሰልፉ በሳምንቱ ከማደያ አልፎ አደባባይ ይዘጋል።

ከሳዑዲ የቀይ ባሕር ወደቦች የሚነሣው ደግሞ ሌላ በር አለበት፤ ባብ ኤል መንደብ። የየመን ሁቲዎች ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ የሚያልፉ መርከቦችን ማጥቃት ሲይዙ የመድን ክፍያው ተሰቀለ፤ ብዙ መርከቦችም አፍሪካን ዞረው መሄድን መረጡ። ጅቡቲ ከዚህ በር ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። የእኛ ታንከር በየትኛውም በኩል ቢመጣ ከሁለቱ አንዱ በር አይቀርለትም።

ነገሩ ለአዲስ አበባ ባለ ታክሲ አዲስ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. የዓረብ አገሮች ነዳጅ ሲያግዱ ዋጋው በዓለም ተተኮሰ፤ የንጉሡ መንግሥት የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል ጨመረ። የካቲት 11 ቀን ታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራኑም ተማሪዎቹም ተከተሉ፤ መንግሥት በቀናት ውስጥ ዋጋውን ቢቀንስም ነገሩ ከእጁ ወጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣ መንግሥት ሁሉ የቤንዚን ዋጋ ላይ እጁን ሲያሳርፍ ያቺን የካቲት ሳያስብ አይቀርም። የነዳጅ ድጎማ ለአሥርት ዓመታት የቆየበት ምክንያት ከኢኮኖሚው ይልቅ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሣት የጀመረው በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ሲሆን ያኔ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ከ57 ብር የተነሣው ዶላር በቀናት ውስጥ ወደ 100 ተጠጋ፣ ቆይቶም አለፈው። ቤንዚኑም በ2017 ዓ.ም. ሊትሩ ከ100 ብር በላይ ሆነ።

አማራጭ ፍለጋው ብዙ ተብሎለታል። በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ በ1989 ዓ.ም. ተዘጋ፤ በዓመቱ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አሰብም አብሮ ተዘጋና ሁሉ ነገር ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከሱዳን በመተማ በኩል ቤንዚን የገባበት ዘመን ነበር፤ ደቡብ ሱዳን ተገንጥላ አብዛኛውን የነዳጅ ጉድጓድ ይዛ ስትሄድ እሱም እየሳሳ ሄደ። በ2004 ዓ.ም. የካቲት መለስ ዜናዊ፣ የኬንያው ምዋይ ኪባኪና የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪር በኬንያዋ ላሙ ላይ ቆመው የወደብ፣ የባቡርና የነዳጅ ቧንቧ መተላለፊያ መሠረት አኖሩ፤ ቧንቧው ዛሬም የለም። በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ብላክ ራይኖ የተባለ ኩባንያ ከጅቡቲ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ሊዘረጋ ተፈራረመ፤ ያም ወረቀት ላይ ቀረ። ቦቴው ብቻ ሳያቋርጥ ይመላለሳል። በዓመት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለነዳጅ የምታወጣ አገር ነዳጇን ዛሬም በጎማ እያንከባለለች ነው የምታስገባው።

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከእንግዲህ አይገባም ያሉት ይህ ሁሉ ሲደመር ነው። ያኔ ብዙ ሰው ሳቀ። መብራት በሳምንት ስንት ጊዜ በሚጠፋበት ከተማ የኤሌክትሪክ መኪና!

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ዛሬ ከሳሪስ ወደ ጎፋ ማዞሪያ ስትወጡ ድምፅ አልባዎቹን መኪኖች ማየት ብርቅ አይደለም። ቢዋይዲ፣ ቻንጋን፣ ቻይና ውስጥ የተገጣጠመው ቮልስዋገን አይዲ 4፤ በነጭና በአመድማ ቀለም ከተማውን ሞልተውታል። መንግሥት ከ100 ሺህ በላይ ገብተዋል ይላል። ጎፋ መብራት ኃይል ከሚገኙት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ ግቢ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ብትቆሙ ነገሩን በቅርበት ታዩታላችሁ። ከሁለተኛ ፎቅ መስኮት ቢጫ ኤክስቴንሽን ወርዷል፤ ልብስ የሚሰጣበትን ሽቦ አልፎ፣ በጥበቃው ቤት ጣሪያ ተሻግሮ መኪና ላይ ይሰካል። መጋጠሚያው ዝናብ እንዳያገኘው በፌስታል ተጠቅልሏል። ባለ መኪናው እስኪተኛ ድረስ በየግማሽ ሰዓቱ ወርዶ ሶኬቱን በእጁ ጀርባ ይዳስሳል፤ ከጋለ ይነቅላል፣ ከበረደ ይሰካል። ለምን ትክክለኛውን ቻርጀር አላስገጠምክም ስለው ለዚያ የሚሆን መስመር ብሎኩ እንደሌለው ነገረኝ። ይህን ሲነግረኝም የቅሬታ ፊት አላየሁበትም። ድሮ ቤንዚን ለመቅዳት ሦስት ሰዓት ይሰለፍ ነበር፤ አሁን ተኝቶ ያድራል።

እዚህ ግቢ የቆሙት መኪኖች ቻይና ፋብሪካ ውስጥ የተሠሩበት ምክንያት ራሱ የነዳጅ ፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የቻይናው መሪ ሁ ጂንታኦ አገራቸው በማላካ ወሽመጥ ላይ ያላትን ጥገኝነት አንሥተው እንደተጨነቁ ይነገራል። ከባሕረ ሰላጤው የሚመጣው የቻይና ነዳጅ አብዛኛው በማሌዥያና በኢንዶኔዥያ መካከል ባለችው በዚያች ቀጭን ውኃ ያልፋል፤ ጦርነት ቢነሣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሊዘጋት ይችላል። ቤጂንግ በምያንማር በኩል ቧንቧ ዘረጋች፣ ከሩሲያና ከማዕከላዊ እስያ ጋዝ አስገባች፣ ከሁሉም በላይ ግን መኪናውን ራሱን ከነዳጅ ለማላቀቅ ወሰነች። ለሃያ ዓመታት ገንዘብ ፈሰሰበት። ፋብሪካዎቹ ከአገር ውስጥ ፍላጎት በላይ ማምረት ሲጀምሩ የተረፈው ገበያ ፍለጋ ወጣ። ቻይና የማላካን ፍርሃቷን ለማስታገስ የሠራችውን መኪና ጎፋ ውስጥ የሆርሙዝን ፍርሃት ለማስታገስ ገዝተነዋል።

ይህ ጥሩ ግብይት ነው ወይ? በእኔ ግምት አዎ፤ ግን በተለምዶ በሚቀርብለት ምክንያት አይደለም። "ከጥገኝነት ተላቀቅን" የሚለው አያስኬድም። ባትሪው፣ የመኪናው ኮምፒውተር፣ መለዋወጫው ሁሉ ከአንድ አገር ይመጣል። ልዩነቱ ያለው ጊዜው ላይ ነው። ነዳጅ በየሳምንቱ መምጣት አለበት፤ አንድ ወር ቢቋረጥ ከተማው ይቆማል። መኪና ግን አንዴ ከገባ ባትሪው ለዓመታት ይሠራል፤ ቻይና ነገ መሸጥ ብታቆም የገቡት መንዳታቸውን ይቀጥላሉ። ሻጩ በየሳምንቱ ጉሮሮ ሊይዝ የሚችልበት ጥገኝነትና በየአሥር ዓመቱ ሊይዝ የሚችልበት ጥገኝነት እኩል አይደሉም።

መቀጠላቸው ግን በመለዋወጫ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ማስረጃው ሩቅ አይደለም። በሳሪስና በንፋስ ስልክ በኩል ወደ ቃሊቲ የሚወርደው ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. በ41 ባቡሮች ሥራ ሲጀምር ከሰሐራ በታች ላሉ አገሮች ምሳሌ ተብሎ ነበር። ገንዘቡ ከቻይና ኤግዚም ባንክ፣ ሥራው ከቻይና ኩባንያ፣ ዕቃውም ከዚያው። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ከግማሽ የሚበልጡት ባቡሮች በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። የኤሌክትሪክ መኪና ጋራዥ የሚከፍቱ ወጣቶች ሳሪስና ላፍቶ ውስጥ እየታዩ ነው፤ አገሪቱ ከባቡሩ ተምራለች አልተማረችም የሚለውን የሚመልሱት እነሱ ይመስሉኛል እንጂ የሚኒስቴር መግለጫ አይደለም።

ወደ ለቡ እንውረድ። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ከጀሞ አፋፍ ማዶ፣ ሰፊ ግንባር ያለው የባቡር ጣቢያ ቆሟል። ከሐዲዱ በላይ የተወጠረው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ይሸከማል። ከሰበታ ተነሥቶ በለቡ በኩል ጅቡቲ የሚደርሰው 752 ኪሎ ሜትር መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀመረ። ብድሩ እዚህም የቻይና ነው፤ የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘም ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ቤጂንግ ድረስ ሄዳ ተደራድራለች። ቻይናውያኑ ሲያስተዳድሩት ቆይተው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ለሁለቱ አገሮች አስረከቡ። በውኃ ኃይል የሚሠራ ባቡር ወደ ነዳጅ ወደብ ይመላለሳል፤ ነዳጁ ግን ዛሬም በአብዛኛው ከጎኑ ባለው አስፋልት በቦቴ ነው የሚመጣው። አንድ ሰው ይህን ተቀምጦ ቢያስብበት ይስቃል ወይም ይናደዳል።

በዚሁ አቅጣጫ ሌላ ሽቦም ወደ ጅቡቲ ይሄዳል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ በድሬዳዋ በኩል በ230 ኪሎ ቮልት መስመር ለጅቡቲ ኤሌክትሪክ ትሸጣለች። በዚህ ቀጣና ከተደረጉ ስምምነቶች ሁሉ ይህኛው ብልህ ይመስለኛል፤ ብዙም አይወራለትም። የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ ከዘጠና በመቶ በላይ በጅቡቲ ያልፋል፤ የጅቡቲ አምፖል ደግሞ ከሚበራበት ኃይል ብዙው የኢትዮጵያ ነው። አንዱ በሌላው ላይ በሩን ቢዘጋ የራሱ ቤት ይጨልማል። ጅቡቲም ዝም ብላ አልተቀመጠችም፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጉቤት ላይ 60 ሜጋ ዋት የንፋስ ኃይል አስመርቃለች። እኛ በበርበራና በላሙ ወደቦች ሌላ በር ስንፈልግ እሷ ሌላ አምፖል እየፈለገች ነው። ጎረቤት እንዲህ ሲሆን ጤነኛ ነው።

ወደ ደቡብ ያለው መስመር ደግሞ ትልቁ ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ናይሮቢ አጠገብ እስካለችው ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል፤ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል። የተዘረጋው በቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው። የሁለቱ አገሮች ኔትወርክ እያንዳንዱ በራሱ ምት ይመታል፤ በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ቢያያዙ አንዱ ሲናወጥ ሌላውንም ያናውጠዋል። ስለዚህ ሶዶ ላይ ተለዋዋጩ ወደ ቀጥተኛ ይቀየራል፣ ሱስዋ ላይ እንደገና ወደ ተለዋዋጭ ይመለሳል፤ በመንገዱም ብክነቱ ያንሳል። አብዛኛውን ገንዘብ ከዓለም ባንክና ከአፍሪካ ልማት ባንክ የተገኘ ብድር ሸፍኖታል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የተፈረመው ውል የ25 ዓመት ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋ ዋት፣ ከዚያ በኋላ 400፣ ዋጋውም በኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም። ኃይሉ መፍሰስ የጀመረው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ታንዛንያም በኬንያ በኩል ለመግዛት ተስማምታለች።

ግንኙነቱ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ጳጉሜን 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ታየ። የኬንያው ሎያንጋላኒ ማከፋፈያ ጣቢያ በድንገት ተቋረጠና ከቱርካና የንፋስ ኃይል ይመጣ የነበረው 288 ሜጋ ዋት ጠፋ። ወዲያው የኢትዮጵያው መስመር ተከተለው፤ በዚያች ቅጽበት 200 ሜጋ ዋት ይዞ ነበር። 488 ሜጋ ዋት በአንድ ጊዜ ሲጎድል አብዛኛው ኬንያ ጨለመ። ይህን ሁሉ በዘርፉ የሚያስተባብረው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት በ1997 ዓ.ም. በሰባት አገሮች ተመሥርቶ መቀመጫውን አዲስ አበባ አድርጓል። ግብፅም፣ ሱዳንም፣ ኢትዮጵያም ከመሥራቾቹ ናቸው። በዓባይ ላይ የማይስማሙት ሦስቱ በኤሌክትሪክ ድርጅት ውስጥ አንድ ጠረጴዛ መቀመጣቸውን ብዙ ሰው አያውቅም።

እስያ ውስጥ የእኛን መንገድ ቀድመው የሄዱ ሁለት አገሮች አሉ። አንዷ ኔፓል ናት። ባሕር የላትም፤ ነዳጇ በህንድ በኩል ይገባል፤ ወንዞቿ ግን ከሂማላያ ይወርዳሉ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 አዲስ ሕገ መንግሥት ስታጸድቅ ድንበሩ ለወራት ተዘጋ። ኔፓል የዘጋችው ህንድ ናት አለች፤ ህንድ ተቃዋሚዎች ናቸው አለች። ካትማንዱ ውስጥ ሰው በእንጨት አበሰለ፣ ታክሲ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የሆነው ደስ ይላል። ከህንድ ጋር 69 ኪሎ ሜትር የነዳጅ ቧንቧ ተዘርግቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ተከፈተ፤ በጎን ደግሞ ኔፓል የኤሌክትሪክ መኪና ቀረጥ ቀንሳ ዛሬ ከሚገቡት አዳዲስ የቤት መኪኖች አብላጫው በባትሪ የሚሄድ ሆኗል፤ እነሱም በአብዛኛው ከቻይና። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 በህንድ መስመር አሻግራ ለባንግላዴሽ 40 ሜጋ ዋት ሸጠች። ነገር ግን ህንድ አንድ ሁኔታ አስቀምጣለች፤ የቻይና ገንዘብ ወይም የቻይና ተቋራጭ ካለበት ግድብ የመነጨ ኃይል አልገዛም። ውኃው የኔፓል፣ ሽቦው የጋራ ቢሆንም ተርባይኑን ማን ገጠመው የሚለው ገዢውን ይወስናል። ግልገል ጊቤ 3ን ጨምሮ ስንት ግድባችን የቻይና ዕቃ እንደተገጠመበት ለሚያውቅ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይመስለውም።

ሁለተኛዋ ላኦስ ናት። "የደቡብ ምሥራቅ እስያ ባትሪ እሆናለሁ" ብላ ሜኮንግንና ገባሮቹን በግድብ ሞላች፤ ለታይላንድ ሸጠች፤ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2022 ጀምሮም በታይላንድና በማሌዥያ አቋርጦ ሲንጋፖር የሚደርስ 100 ሜጋ ዋት ላከች። አራት አገሮች በአንድ የሽያጭ ሰንሰለት ሲተሳሰሩ በአካባቢው የመጀመሪያው ነበር። ግድቦቹ ግን በአብዛኛው በብድር የተሠሩ ነበሩ፤ ዋናው አበዳሪም ቻይና። ዕዳው ሲከብድ የአገሪቱ ከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ ኩባንያ የአክሲዮን አብላጫ ለአንድ የቻይና መንግሥት ኩባንያ ተላለፈ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ለ25 ዓመት የማስተዳደር መብት ተሰጠው። ላኦስ ዛሬም ኤሌክትሪክ ትሸጣለች፤ የምትሸጥበት ሽቦ ግን የእሷ ብቻ አይደለም።

ታላቁ የህዳሴ ግድብ ከዚህ የሚለየው በገንዘቡ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ባለ 5,150 ሜጋ ዋት ግድብ በዋናነት በቦንድ፣ በደመወዝና በመንግሥት ባንክ ተሠራ። በጎፋና በላፍቶ ከደመወዙ ያልተቆረጠለት ሠራተኛ ማግኘት ይከብዳል። ያኔ ብዙዎች እንደ ሸክም ያዩት ነገር አሁን ከላኦስ ጎን ሲቀመጥ ዋስትና ሆኖ ይታያል። የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ከዘጠና በመቶ በላይ ኃይላችን ከውኃ ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ 3 ውኃ ሲጎድል መብራት በፈረቃ ሆነ፤ ለሱዳንና ለጅቡቲ የሚሸጠውም ቆመ። ደንበኛ እንዲህ ያለውን ቀን አይረሳም። ጉቤት ላይ የቆሙት የጅቡቲ የንፋስ ማማዎች ምክንያታቸው ከዚህ ቀን የራቀ አይመስለኝም። ሱዳን ደግሞ ጦርነት ላይ ናት፤ ጦርነት ላይ ያለ ደንበኛ ሂሳብ በወቅቱ አይከፍልም። በዚህ መሐል በዶላር የሚከፍል ሌላ ገዢ መጣ። ቻይና በ2013 ዓ.ም. ቢትኮይን ማምረትን ስትከለክል ማሽኖቻቸውን ጭነው ርካሽ ኤሌክትሪክ ፍለጋ ከወጡት ኩባንያዎች ማረፊያዎች አንዷ ኢትዮጵያ ሆነች። ዶላሩን አልጠላውም፤ ግማሽ የሚጠጋው ሕዝብ ገና አምፖል ባላየበት አገር ግን ለማሽን እንቆቅልሽ የሚሸጥ ኃይል ምቾት አይሰጠኝም።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ በቻይና ኩባንያ የለማው የተፈጥሮ ጋዝ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመርቋል፤ በጎዴም የነዳጅ ማጣሪያ መሠረት ተጥሏል። ይህ ከሠመረ የሳሪስ ሰልፍ መልኩ ይቀየር ይሆናል። የላሙንና የብላክ ራይኖን ቧንቧ ያየ ሰው ግን መሠረት ሲጣል አያጨበጭብም፤ ሲፈስ ያጨበጭባል።

ሀገር ኃይል ቢኖራትም ኃይሉ ቤት የሚገባው በሰፈሩ ትራንስፎርመር በኩል ነው። የእንጀራ ምጣድ ሲግል ከሦስት እስከ አራት ኪሎ ዋት ይስባል፤ ደህና የመኪና ቻርጀር ደግሞ ሰባት። ስለዚህ አንድ መኪና ሲሰካ ለትራንስፎርመሩ ሁለት ምጣድ ባንዴ እንደተጣደ ነው፤ ያውም ሌሊቱን ሙሉ። ኮንዶሚኒየሞቹ ሲሠሩ የታሰበው አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ምጣድና ምድጃ ነበር። ሶዶ ላይ ሁለት ሺህ ሜጋ ዋት መሸከም የሚችል ሽቦ ተሰቅሎ ሳለ አንድ ብሎክ በአሥር መኪና ሊጨልም ይችላል። ችግሩ የማመንጨት አይደለም፤ የመጨረሻዋ መቶ ሜትር ነው። ለዚህ ሥራ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን ስለማይገኝ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል።

ያ ኤክስቴንሽን የወረደበት ግቢ ውስጥ እሑድ ከሰዓት የብሎኩ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ባለፈው ሳምንት ሦስት መኪኖች አብረው ተሰክተው አንዱ ፌዝ ተቃጥሏል፤ ሁለት ፍሪጅ ተበላሽቷል። ባለ መኪኖቹ አንድ ጥግ፣ ባለ ፍሪጆቹ ሌላ ጥግ ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ወረቀት ዘርግተው ሰዓት ማከፋፈል ጀመሩ። ከምሽቱ አራት ሰዓት በፊት ማንም አይሰካም፤ ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ ሁለት መኪና ብቻ፤ ለየብቻ ቆጣሪ ይገጠማል፤ ለተቃጠለው መስመር ወጪ ባለ መኪኖች ሁለት እጅ፣ ሌላው አንድ እጅ ያዋጣል። አንዱ ወጣት መኪናው የራይድ ሥራ ስለሆነ ቅዳሜ ጠዋትም ይፈቀድልኝ አለ። ከመጀመሪያው ረድፍ አንዲት እናት ብድግ አሉ። "ቅዳሜ ጠዋትማ ምጣድ ነው ልጄ፤ ከፈለግህ ዓርብ ሌሊቱን ሙሉ ውሰደው" አሉት። መምህሩ "ዓርብ ሌሊት" ብለው ወረቀቱ ላይ ጻፉ፤ ወጣቱም ፈረመ።